ቁጥሩ የማን ነው? «ዘ ጊልቲ» ከደብረ ማርቆስ ሲታይ

አንድ ቢሮ፣ አንድ ፖሊስ፣ ጆሮው ላይ የተሰካ ማዳመጫ፣ ፊቱ ላይ የሚያበራ የኮምፒውተር ስክሪን። ጉስታቭ ሞለር እ.ኤ.አ. በ2018 ለእይታ ያበቃው የዴንማርክ ፊልም «ዘ ጊልቲ» (ጥፋተኛው) ሰማንያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ከዚህ አይወጣም። መኪናው፣ ዝናቡ፣ የምታለቅሰው ሕፃን፣ ደሙ ሁሉ በስልክ ይሰማል እንጂ አይታይም። ያኮብ ሴደርግሬን የሚጫወተው አስገር ሆልም በሥራ ላይ ሳለ በፈጸመው ድርጊት ከመደበኛ ሥራው ተነሥቶ ለጊዜው የድንገተኛ ጥሪ ተቀባይ እንዲሆን የተደረገ ፖሊስ ነው። በማግስቱ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ታሪኩ የሚፈጸመው በዋዜማው ምሽት ነው።

ስለ ፊልሙ ውጥረት ብዙ ተብሏል። በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል፤ ዴንማርክን ወክሎ በኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ይገባዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር አስገር ስክሪን ላይ ብቅ የሚለው መዝገብ። የደዋዩ ቁጥር፣ ቁጥሩ በስሙ የወጣለት ሰው፣ የትውልድ ቀኑ፣ የቤቱ አድራሻ፣ ስልኩ የሚሠራበት ታወር። ፊልሙ የቆመው በዚህ መዝገብ ላይ ነው፤ ዋናው ስሕተትም የሚመጣው ከእሱ ጋር ተያይዞ ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ከዚህ መዝገብ የበለጠ እንግዳ ነገር የለም።

ሞለር ተመልካቹን ቀስ አድርጎ ነው የሚያስገባው። በመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች ዕፅ ወስዶ የተረበሸ ሰው ይደውላል፤ አስገር አይራራለትም። ሌላው ተዘረፍኩ ይላል፤ የት እንደሆነና ከማን ጋር እንደነበረ ሲጠየቅ ግን ይሸፋፍናል። አስገር ካርታውን ያያል፤ ሰውየው ያለው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ነው። ትዕይንቷ አጭር ናት፤ ሥራዋ ግን ከባድ ነው። ሰው ይዋሻል፣ ስክሪን አይዋሽም የሚል እምነት በተመልካቹ ውስጥ ታስቀምጣለች። ይህን እምነት የገነባው ዳይሬክተር ኋላ ራሱ ይንደዋል።

ከዚያ ኢበን የምትባል ሴት ትደውላለች። የምታወራው ልጇን የምታባብል አስመስላ ነው። አስገር አጠገቧ የምትፈራው ሰው እንዳለ ይገባውና «አዎ» ወይም «አይ» የሚያስብሉ ጥያቄዎችን ብቻ ያወርድላታል። የመኪናውን ቀለም ሳይቀር እንዲህ እያለ ያወጣጣታል፤ ነጭ ቫን ነው። መስመሩ ይቋረጣል። ስክሪኑ ላይ ስሟም ቁጥሯም አለ፤ ታወሩ የሚያሳየው ግን ከኮፐንሃገን በስተሰሜን ያለ ሰፊ ስፍራ እንጂ መኪናዋን አይደለም።

አስገር ወደ ቤቷ ይደውላል። ስልኩን የምታነሣው ማቲልዴ ናት፤ የስድስት ዓመት ልጅ። እናትና አባት ተለያይተዋል፤ አባትየው በዚያ አድራሻ አይኖርም። የኢበን መዝገብ አስገርን ወደ አባትየው አላደረሰውም። ልጅቷ ግን የአባቷን ስልክ ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ትጠራለታለች፣ እሱ ይጽፋል፣ ቁጥሩን ሲያስገባው የሚካኤል ስም፣ አድራሻ፣ የመኪናው ሰሌዳ ይመጣል። ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚህ ነው። ያደገ አገር የገነባው የመረጃ ቋት የጎደለውን ነገር አንዲት ሕፃን ሞላችው። ሴደርግሬን በዚህ ቦታ የሚያደርገው ልብ ይባላል፤ ድምፁን ያለሰልሳል፣ አይቸኩልም፣ ልጅቷ አሃዞቹን እንዳትዘል ትንፋሹን ይይዛል። ከአዋቂ ደዋዮች ጋር የነበረው ቁጣ የለም። ጥሩ ጥሪ ተቀባይ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የምናየው በዚህች ቅጽበት ብቻ ነው፤ አስገር ራሱ ይህን መሆን የሚችለው ለዚህች ቅጽበት ብቻ ነውና።

እንዲህ ያለው መዝገብ ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ 911 ለመጀመሪያ ጊዜ የተደወለው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1968 በአላባማ ግዛት፣ ሄሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ያኔ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ደዋዩ ካልነገረው በቀር ጥሪው ከየት እንደመጣ አያውቅም ነበር። ኋላ የስልክ ኩባንያዎች እያንዳንዱን ቁጥር ከቤት አድራሻ ጋር የሚያገናኝ ቋት ሠሩ፤ ጥሪ ሲገባ ቁጥሩ ወደ ቋቱ ይላካል፣ አድራሻው ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። አንዳንዴ ግን ቋቱ የሚመልሰው «ምዝገባ አልተገኘም» የሚል መልእክት ነው። አዲስ የገባ መስመር መረጃው ገና አልተላከም ይሆናል። ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ ኩባንያ ሲቀይር የቀድሞው ኩባንያ መዝገቡን ሳይለቅ፣ አዲሱም ሳይረከብ ቀርቶ ይሆናል። ወይም ደግሞ የተጻፈው የመንገድ ስም በአካባቢው የመንገዶች ዝርዝር ካለው ጋር ስላልገጠመ ሲስተሙ አልቀበልም ብሎ መልሶታል። ሲም በሌለው ቀፎ የተደወለ ከሆነማ እውነተኛ ቁጥር አይመጣም፤ 911 ከቀፎው መለያ የመጨረሻ ሰባት አሃዞች ጋር ተገጥሞ ይታያል፣ ቢቋረጥም መልሶ መደወል አይቻልም።

ጥገናው እንደሚከተለው ነው። ጥሪ ተቀባዩ አድራሻውን ከደዋዩ አፍ ሰምቶ ርዳታ ይልካል። ከዚያ ይህ ቁጥር በቋቱ የለም ብሎ ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ ለስልክ ኩባንያው ይደርሳል፤ ኩባንያው ክፍተቱ የትኛው እርከን ላይ እንደተፈጠረ ፈልጎ ያርማል፣ ማረሙንም ያሳውቃል። አሰልቺ ሥራ ነው። ማንም ፊልም አይሠራበትም። በሚቀጥለው ሌሊት ከዚያው ቁጥር የሚደውል ሰው የሚተርፈው ግን በዚህ ሥራ ነው።

ፊልሙ በሰንዳንስ ከታየ ከሳምንታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018፣ አሜሪካ «የካሪ ሕግ» የሚባለውን አጸደቀች። ካሪ ሀንት እ.ኤ.አ. በ2013 በቴክሳስ ማርሻል ከተማ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ስትገደል የዘጠኝ ዓመት ልጇ አራት ጊዜ 911 ደውላለች፤ ከሆቴሉ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 መንካት ያስፈልግ ስለነበር አንዱም ጥሪ አልወጣም። ልጅቷ የተማረችውን አድርጋለች። ያልሠራው አዋቂዎች የዘረጉት መስመር ነው። የማቲልዴን ትዕይንት ሳይ ይህቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ ሁለቱም ቁጥሩን ያውቁ ነበር።

ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሞለር ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ነገር ነው ሥራውን ከተራ የጠለፋ ታሪክ የሚለየው። አስገር የሚካኤልን መዝገብ ሲከፍት ሰውየው በድብደባ ተፈርዶበት እንደነበረ ያነባል። ነገሩ በዚያች ደቂቃ ተዘጋ፤ የተፈረደበት ባል፣ የተጠለፈች ሚስት። ሰውየውን ደውሎ ያስፈራራዋል። ኢበንን ደግሞ በጡብ እንድትመታው ያዛታል። እውነቱ የሚወጣው ኢበን ራሷ በስልክ ስታወራና ባልደረባው ራሺድ የሚካኤልን ቤት ከፍቶ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ነው፤ ኢበን የአእምሮ ሕመምተኛ ናት፣ ጨቅላ ልጇ ላይ ጉዳት ያደረሰችው ራሷ ናት፣ ሚካኤል ሄልሲንገር ወደሚገኝ የአእምሮ ሕክምና እየወሰዳት ነው። ጨቅላው ሞቷል።

ልብ በሉ፤ በመዝገቡ ውስጥ አንድም የተሳሳተ ነገር አልነበረም። ቁጥሩ የእሷ ነው። ስሙ የእሱ ነው። ፍርዱም ሰሌዳውም ትክክል ነው። አስገርን ያሳሳተው የጎደለ መረጃ ሳይሆን ትክክለኛ መረጃን አንብቦ መጠየቅ ማቆሙ ነው። መዝገቡ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ነገረው፤ እሱ ምን እየሆነ እንደሆነም የነገረው መሰለው። ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ ያሳየ ሌላ ፊልም አላውቅም፤ «ዘ ጊልቲ»ን የድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኛ ሁሉ ሊያየው ይገባል የምለውም በዚህ ነው።

ድምፁን ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ሞለር የፊልሙን ሐሳብ ያገኘው ከጠላፊዋ ጋር መኪና ውስጥ ሆና 911 የደወለች አንዲት አሜሪካዊት ያደረገችውን ጥሪ ቅጂ ሲሰማ መሆኑን ተናግሯል። ሰሚው ሁሉ የማያየውን ቦታ በየራሱ አእምሮ እንደሚሥል ተረድቷል፤ ፊልሙም በዚህ ይጠቀማል። የመጥረጊያው ፍትጊያ፣ የቫኑ የኋላ ክፍል ባዶነት፣ ፖሊሶች የተሳሳተ መኪና ሲያስቆሙ የሚሰማው ዝናብ የሚታይ ያህል ነው። ቀረጻው 13 ቀን ብቻ እንደወሰደ ሲሰማ ያስገርማል። ሥራው የተሠራው ጆሮ ላይ ነው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። የመጀመሪያው፣ በዚህ ፊልም መዝገቡ አንድም ጊዜ ባዶ አይመጣም። አስገር ቁጥር አስገብቶ ምንም ያላገኘበት ጊዜ የለም፤ ታወሩም ሰሌዳውም አድራሻውም ሁልጊዜ ይመልሱለታል። ደራሲዎቹ፣ ሞለርና ኤሚል ኒጎር አልበርትሰን፣ የሰውን ስሕተት ጎልቶ ለማሳየት ሲስተሙን እንከን የለሽ አደረጉት። እንዲህ ያለ ሲስተም በዴንማርክም የለም፤ ባዶ የሚመጣ ምዝገባ የዚህ ሥራ የዕለት ተዕለት ጣጣ ነው። ሁለተኛው፣ አጠገቡ ያሉት ባልደረቦች ከወንበርና ጠረጴዛ ያልተለዩ ናቸው። እውነተኛ የጥሪ ማዕከል አንዱ ሲያወራ ሌላው የሚፈልግበት፣ ሦስተኛው መኪና የሚያንቀሳቅስበት የጋራ ሥራ ነው። አንድ ሰው በር ዘግቶ ሁሉንም ብቻውን መያዙ ለድራማ ይመቻል፣ እውነት ግን አይደለም። መጨረሻ ላይ አስገር ድልድይ ላይ ለቆመችው ኢበን የራሱን ጥፋት መናዘዙም ከልክ በላይ ገጥሞብኛል፤ የእሷ ስቃይ ለእሱ ንስሓ መሰላል ሆኖ ቀርቷል። አንዲት እናት ልጇን ባጣችበት ሌሊት መሐል ላይ መቆም የነበረባት እሷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2021 አንቷን ፉኳ ጄክ ጂለንሃልን ይዞ የሠራው የአሜሪካ ቅጂ ስለዚህ ፊልም ይበልጥ እንዳስብ ረድቶኛል እንጂ ራሱ ብዙ አልጨመረም። የሎስ አንጀለስን የሰደድ እሳት ማስገባቱ ጥሩ ነው፤ ጭሱ መንገድ ሲጋርድ፣ ጥሪ ሲበዛ፣ ፖሊስ መኪናውን ማየት ሲያቅተው የመዝገብ ወሰን ትንሽ ይታያል። ቀሪው ጩኸት ነው። የዴንማርኩ ዝም ብሎ የተወውን ሁሉ ያብራራል።

አሁን ወደ እኛ። ፊልሙን አይቼ የመጣብኝ የመጀመሪያ ጥያቄ አስገር የተቀመጠበት ወንበር በምሥራቅ ጎጃም የት ነው የሚለው ነው። የታወቁ አጭር ቁጥሮች አሉን፤ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ፣ 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ትልቅ ተቋም ነው፤ ውለታው ብዙ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በጎዛምን፣ በሲናን፣ በማቻከል ገጠር ግን ሴት ምጥ ሲጠናባት ሰው የሚደውለው ለአጭር ቁጥር አይደለም። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነው፤ ወይም ለወረዳው አምቡላንስ ሾፌር የግል ስልክ።

በቾቄ ግርጌ ባለ አንድ ጤና ኬላ በር ላይ ተለጥፎ ያየሁት ወረቀት ከዓይኔ አይጠፋም። በእጅ የተጻፉ ሦስት ቁጥሮች ነበሩበት። የመጀመሪያው በእስክሪብቶ ተሰርዟል። የሁለተኛው አንዱ አሃዝ ተደራርቦ ስለተጻፈ 1 ይሁን 7 አይለይም። ሦስተኛው ሥር «ሾፌር» ተብሎ የአንድ ሰው ስም ብቻ ሰፍሯል፤ የአባት ስም የለም፣ ቀን የለም፣ የየትኛው መኪና እንደሆነም አይልም። ሾፌሩ ሌላ ወረዳ ቢዛወር፣ ሲሙ ቢጠፋበት፣ ፈቃድ ቢወጣ ያ ወረቀት አያውቅም። እዚህ ላይ ከፊልሙ ጋር የምንለያይበት ነገር ይታያል። ኮፐንሃገን ውስጥ መዝገቡ ያለው በተቀባዩ እጅ ነው፤ የጎደለው የአባትየው ቁጥር ነው። እኛ ዘንድ መዝገብ የሚይዘው ደዋዩ ነው፤ የሚጎድለውም የተቀባዩ ቁጥር ነው። ሰው በጨለማ ቁጥር እየፈለገ ሲደውል ቀፎው «ዝግ ነው» ይለዋል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የደዋዩን ቁጥር በሚመለከትስ? ሲም ካርድ በስም ይወጣል፤ ግን በማን ስም? አዲስ አበባ ወይም ሑመራ ሠርቶ የተመለሰ ልጅ በራሱ ስም አውጥቶ ለእናቱ ይሰጣታል። አንዱን ስልክ ባልም ሚስትም ልጅም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ቋቱ ቢከፈት የሚወጣው የአንድ ወጣት ስምና የከተማ አድራሻ ነው፤ የምታምጠው ሴት ግን የጁቤ አካባቢ ናት። የፋይዳ መታወቂያ ስሙን ሊያጠራው ይችላል፤ ቀፎው በማን እጅ እንዳለ ግን አይነግርም። የአጻጻፍ ጣጣም አለ። አንዱ መዝጋቢ ፀሐይ፣ ሌላው ጸሐይ፣ ሦስተኛው ፀሀይ ብሎ የጻፈው ስም ለሰው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ነው። ፍለጋው ሆሄያቱን እንዲያመሳስል ተደርጎ ካልተሠራ ያለው ምዝገባ «የለም» ይባላል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ደዋዩ «ሌሊት ስምንት ሰዓት ጀመራት» ሲል ስክሪኑ ላይ 02:00 ከተጻፈ ተቀባዩ ሁለቱን ማዛመድ አለበት፣ ካልሆነ ምጡ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይሳሳታል።

አድራሻ የምንለው ነገርም መንገድና የቤት ቁጥር አይደለም። የጎጃም ሰው ስልክ ላይ አቅጣጫ ሲጠይቅ የሚያወርደው የጥያቄ ቅደም ተከተል አለው፤ የማን ልጅ ነህ? ደብርህ ማን ነው? ከወንዙ ወዲህ ነህ ወዲያ? ይህ ተራ ወሬ እንዳይመስለን። ቤተሰብ፣ አጥቢያ፣ መልክዓ ምድር፤ ሦስት ጥያቄ ሰውን ከሺህ ቤት መሐል ለይቶ ያወጣል። የሚከብደው ጠያቂው አገሩን ካላወቀ ነው። ማርያምና ጊዮርጊስ የሌለበት ቀበሌ ጥቂት ነው፤ «ከማርያም ወረድ ብሎ» የሚል መልስ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ለተቀመጠ ሰው ምንም አይነግረውም፣ ለአማኑኤል ከተማ ተወላጅ ግን ይበቃዋል። ጥሪ መቀበያ ማዕከል ሲታሰብ በአንድ ትልቅ ከተማ መሰብሰቡ ወጪ ይቆጥባል ይባላል። የቦታ ዕውቀቱ ግን አብሮ አይሰበሰብም፤ በየወረዳው ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ስማርት ስልክ የድንገተኛ ቁጥር ሲደውል ያለበትን ቦታ ራሱ ለጥሪ ማዕከሉ ይልካል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ጀመረችው፤ ጉግል በ2016፣ አፕል በ2018 ተከተሉ። ድንቅ ነገር ነው፤ ለእኛም አንድ የሚመች ጎን አለው፣ መረጃው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሊላክ ይችላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ምን ያህል ጊዜ ተቋርጦ እንደቆየ ለሚያውቅ ሰው ኢንተርኔት የማይጠይቅ ነገር ትልቅ ዋጋ አለው። ነገር ግን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ቾቄና ሥሩ ያሉት ሸለቆዎች ኔትወርክን ይጋርዳሉ። በቆላውና በገደሉ ሥር ያለ ሰው ለመደወል ኔትወርክ ወደምትገኝበት ጉብታ ይወጣል፤ አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ስልኩ የሚልከው ቦታ እንግዲህ የጉብታውን ነው። ታማሚዋ ያለችው ታች ነው። ደዋዩ አጠገቧ ስለሌለ «አሁን ትተነፍሳለች?» ቢባል አያውቅም። አስገር ኢበንን የጠየቃት ዓይነት ጥያቄ እዚህ መልስ የለውም። ፍጹም ትክክል የሆነ የቦታ መረጃ መኪናውን ሰው ወደሌለበት ጉብታ ሊወስደው ይችላል፤ የሞለር ፊልም ያሳየን ስሕተት በእኛ አገር የሚይዘው መልክ ይህ ነው።

ደግሞም አምቡላንሱ ብዙ ጊዜ ቤት ድረስ አይመጣም፤ መንገድ የለም። ጎረቤት ተጠራርቶ ታማሚዋን በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና እስከሚደርስበት ያወጣታል። ስለዚህ ሾፌሩ ማወቅ ያለበት የቤቱን አድራሻ ሳይሆን ቃሬዛውና መኪናው የሚገናኙበትን ቦታ ነው። በክረምት ይህ ቦታ ይለወጣል፤ ወንዝ ሲሞላ ወይም ጭቃው መኪና ሲይዝ ሌላ መውጫ ይመረጣል። መንገድ በሌላ ምክንያት ሲዘጋም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ከዜሮ መጀመር አለብን ለማለት አይደለም። መዝገብ አለን። በየጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደር አለ፤ እያንዳንዱ ቤት በጎጥና በቤት ቁጥር ተለይቶ፣ የቤተሰቡ አባላት ስምና የጤና ሁኔታ ተጽፎ በመደርደሪያ ተቀምጧል። ነፍሰ ጡሮች በመውለጃ ወራቸው የሚለዩበት የቀጠሮ ሣጥን አለ። ይህ ማኅደር ከአሜሪካው የአድራሻ ቋት በአንድ ነገር ይበልጣል፤ የምትይዘው ሴት ቤቱን በእግሯ ታውቀዋለች። የሚጎድለው የስልኩ መስመር ነው። ማኅደሩ ላይ በቤቱ የሚሠሩት ሁለት ሦስት ቁጥሮች፣ ከየቁጥሩ ጎን ቀፎው በማን እጅ እንደሚገኝ፣ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ፣ ለበጋና ለክረምት ቃሬዛና መኪና የሚገናኙበት ቦታ ቢጻፍ፣ የዚህ ቅጂ ለወረዳው አምቡላንስ ቢሰጥ፣ አምቡላንሱም ሾፌር ቢቀየር የማይቀየር አንድ ቁጥር ቢኖረው፣ በቀበሌው «ምዝገባ አልተገኘም» የሚባል ቤት አይኖርም ነበር። ትልቅ ኮምፒውተር አይፈልግም። የሚፈልገው ማረም ነው፤ ጥሪ ሲመጣ ያልሠራ ቁጥር በማግስቱ ተሰርዞ የሚሠራው እንዲተካ የሚያደርግ ሰው፣ ይህም ሥራው ተብሎ የተሰጠው ሰው።

የእነዚህን ቁጥሮች ምሥጢራዊነት መጠበቅም የግድ ነው። አስገር የማያውቀውን ሰው የወንጀል ታሪክ እንደልቡ መክፈቱን ፊልሙ እንደ ተራ ሥራ ያሳየዋል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ላለው አገር ይህ ነገር መጠየቅ አለበት። በማን ቤት ማን እንዳለ፣ ማን እንዳረገዘች የሚናገር ዝርዝር በተሳሳተ እጅ ሲገባ ጉዳት ያመጣል። ማኅደሩ በጤና ባለሙያ እጅ ይቆይ፤ ለሾፌሩ የሚሰጠው ቁጥሩና መገናኛው ቦታ ብቻ ይሁን።

«ዘ ጊልቲ»ን ለአምቡላንስ ሾፌሮችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና የሚያሳይ ቢኖር ስክሪኑን አጥፍቶ ድምፁን ብቻ እንዲያሰማቸው እመክራለሁ፤ ዴንማርክኛው አጠገባቸው በቃል እየተተረጎመ። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ይቆምና ሠልጣኞቹ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ምን ሰማሁ፣ ምን ገመትኩ፣ ቀጥዬ ምን እጠይቃለሁ። የማቲልዴ ጥሪ ሲደርስ ጥያቄዎቹን ጮክ ብለው ይጠይቁ፤ አንዱ ሠልጣኝ ልጅቷን ሆኖ ይመልስ። የሚካኤል ፍርድ ከመነበቡ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተነበበ በኋላ አንድ ጊዜ ግምታቸውን ይጻፉና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሲያበቁ ደግሞ እያንዳንዳቸው በየጤና ኬላቸው በር ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በስልካቸው ይደውሉ፤ ያልሠራውን እዚያው ይሰርዙ።